የአያንቱ ድንጋይ እና ጥንዱ ሦስት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መግደፌን ስዘረዝር ይቺን አንዷን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። ዛሬ የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ካዘናችሁልኝ አልተግባባንም ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበላችሁ፤ ቁማር በመጫወቴ አልጸጸትም። በደርግ ዘመን፣ ናዝሬት፣ ቀበሌው ሱቅ ደጅ ካለው ግራር ሥር ቁጭ ብዬ ፖከር እጫወት ነበር። ሴት ካርታ ያዘች ብሎ የሚያፍር ካለ እሱ ይፈር። ያስተማረኝ ባሌ ነው። ሆቴል አስተናጋጅ ሳለ እንግዶች ሲጫወቱ አይቶ ለምዶ እኔንም አለማመደኝ። በኋላ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦር ግንባር ወሰዱት። ብቸኝነት ነው ካርታ ላይ የጣለኝ ብላችሁ ታምኑኝ ነበር። ውሸት ይሆናል። ደስ ስለሚለኝ ነው የተጫወትኩት።

የዚያን ጊዜ ሰልፍ ያላየ ነገሬ አይገባውም። ስኳሩም ሳሙናውም በራሽን ነው፤ ያም ሆኖ ጭራው ሳይደርስ ያልቃል፤ የዱቄት ወተት አልፎ አልፎ ከመጣ ደግሞ ሕፃን ላለበት ቤት፣ ያውም ከፊት ላለ ብቻ ነው የሚደርሰው። መኪናው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። እዚያ ፀሐይ ላይ ማን ቆሞ ይውላል? ስለዚህ ድንጋይ እናሰልፋለን። ድንጋይሽ ያለበት ቦታ ያንቺ ተራ ነው። አንዷ ጡብ፣ አንዷ የተሰበረ ገል፣ አንዷ ቀይ ድንጋይ አስቀምጣ ትሄዳለች፤ የሰው ድንጋይ የነካ ከሌባ ይቆጠራል።

ጨዋታችንም በዚሁ ነበር። ገንዘብ ማን አለው! ለእያንዳንዳችን እፍኝ ሽምብራ ይቆጠርልናል፤ ሽምብራዋ ያለቀባት ድንጋይዋን ካሸነፈቻት ሴት ድንጋይ ጋር ትለዋወጣለች። የምንቆምረው ተራችንን ነው። አምስት አምስት ካርታ ይታደላል፣ እንወራረዳለን፣ ያልፈለግነውን እንቀይራለን፣ ደግሞ እንወራረዳለን። ጭማሪው የተወሰነ ነው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ሽምብራ፣ ከዚያ በላይ አይቻልም። ቁጥራቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ካርታ ጥንድ ይባላል፤ ጥንድ ከጥንድ ሲገናኝ ቁጥሩ ከፍ ያለው ይበላል።

ባሌ አንድ ነገር ደጋግሞ ነግሮኝ ነበር። «ቀድመሽ የምትናገሪ ከሆነ ትንሽ ጥንድ ይዘሽ አትፎክሪ። ከኋላሽ ያለችው ምን እንደያዘች አታውቂም፤ እሷ ግን ያንቺን ሰምታ ነው የምትናገረው። ደግሞ ሁለት ሽምብራ ማንን አስደንግጦ ያባርራል?» እውነቱን ነው። እኔ ግን ጥንድ ሁለት ይሁን ጥንድ አራት፣ ቀድሜ ልናገር ኋላ፣ እጨምር ነበር። ሲጨምሩብኝም እጨምር ነበር። ብዙ ቀን ተበላሁ፤ ብዙ ቀንም በላሁ። በዚህም አልጸጸትም። ባልጨመርኩስ ኖሮ ማን ይፈራኝ ነበር?

ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

አያንቱ ጎረቤቴ ነበረች፤ የደራ ልጅ። ቤታችን በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። ባሏ ወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር፣ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። መንታ ወልዳ ሦስተኛ ወሯ ነው፤ ወንዱ ገመቹ፣ ሴቷ ጫልቱ። ጡቷ ለሁለት አልበቃ አለ። አንዱ ሲጠባ አንዱ ሲያለቅስ በግድግዳው እሰማ ነበር። ወተት ይመጣል የተባለ ቀን ገና ሳይነጋ ሄዳ ነጭ ድንጋይዋን ከእኔ ጡብ ኋላ፣ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ አስቀመጠች። ከእኔ በቀር ያያት አልነበረም። ከዚያ «እዪልኝ እህቴ፤ ልጆቹ ካንቀላፉልኝ እመጣለሁ» ብላኝ ሄደች።

እዪልኝ ነው ያለችኝ። ሌላ ምንም አላለችኝም።

ከሁሩታ እህል እያመጡ የሚሸጡ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴት ነበሩ። ዘግይተው ስለመጡ ድንጋያቸው ከጭራው ነው። ጥሩ ካርታ ካልያዙ ትንፍሽ አይሉም። ረፋዱ ላይ ሌሎቹ ሽምብራቸው ሳያልቅ ትተው ዳር ሲቀመጡ ከእኔ ጋር ተፋጠጡ። ሽምብራዬ ሊያልቅ ሲል ቀና ብለው ሰልፉን አዩ።

«ካለቀብሽ የትኛውን ነው የምታስረክቢኝ? ጡቡን?»

«ነጩን» አልኩ።

«ነጩ የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

የኔ ነው አልኩ። አሁን ስታነቡኝ እንኳ አንድ ሰበብ እየፈለጋችሁልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ምናልባት እንደምታሸንፍ፣ የአያንቱም ድንጋይ ንቅንቅ እንደማይል እርግጠኛ ሆና ይሆናል ትላላችሁ። እኔም ለራሴ ስንት ዓመት ይህንኑ ነገርኳት! አልነበረም። ጡቤን ማጣት አልፈለግሁም፤ በቃ። ቤቴ ሕፃን ስለሌለ ወተቱ አይመለከተኝም፤ ሳሙናዬን ፈልጌ ነበር። የሰው ልጅ ወተት በአንድ ሳሙና ቆመርኩ።

እትዬ ዘነበች ካርታውን አደሉ። ቀድሜ የምናገር እኔ ነኝ። ብገልጥ ጥንድ ሦስት።

ጨመርኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ያችኑ ድንክዬ ጥንድሽን ይዘሽ ነው?» አሉና ጨመሩብኝ። ሴቶቹ ሳቁ። ደግሜ ጨመርኩ። ሦስት ካርታ ቀየርኩ፤ ምንም አልመጣልኝም። ዝም ማለት እችል ነበር። ካርታዬን ጥዬ በቀረችኝ ሽምብራ ሌላ ዙር መጠበቅ እችል ነበር። የቀረችኝን ገፋሁ።

እሳቸው ጥንድ ዐሥር ዘረጉ።

«ሁለት ሦስት ይዞ አገር ማስፈራራት!» ብለው እየሳቁ ተነሡና ነጩን ድንጋይ ከነበረበት አንሥተው የራሳቸውን አኖሩ፤ ነጩን ወስደው ጭራው ላይ አስቀመጡት። እሳቸው ጥፋት የለባቸውም። በሕጉ ነው ያሸነፉት፤ ወተቱንም ለልጅ ልጃቸው ነው የወሰዱት። ዋሽቼ ያስወሰድኳቸው እኔ ነኝ።

መኪናው መጣ። ወተቱ ግማሽ ሰልፍ ሳይደርስ አለቀ። አያንቱ አንዱን አዝላ ሌላውን ታቅፋ እየሮጠች ስትደርስ እኔ ሳሙናዬን ይዤ ቆሜአለሁ።

«አለቀ» አልኳት።

ልትቆጣኝ ጠበቅሁ። ተቆጥታኝ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ እነግራት ነበር እላለሁ፤ ይህም ሰበብ ነው። እሷ ግን ትከሻዬን ይዛ «ጀባዱ፣ አይዞሽ፤ አንቺ ምን ታደርጊ» አለችኝ። እኔን አጽናናችኝ!

በሳምንቱ ጫልቱን ደራ ወስዳ ለእናቷ ሰጠቻት፤ እዚያ የላም ወተት አለ። እስክትጠነክር ነበር የተባለው። አያቷ ግን ለመዷት፤ ልጅቷም ለመደቻቸው፤ በዚያው ቀረች። ዛሬ ጫልቱ ትልቅ ሴት ናት፣ ጤነኛ፣ ቆንጆ። እንዲያውም በላም ወተት ማደጓ በጃት የሚል አለ። እኔ ይህን አልቀበልም። ሠርጓ ላይ ነበርኩ። አያቷን «አዮ»፣ እናቴ፣ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ቀጥሎ ወደ እናቷ ዞራ «አያንቱ» አለቻት፤ በስሟ፤ እንደ ጎረቤት። መንታዋ ገመቹ ከአጠገቧ ቆሞ «እማዬ» ይላል። አያንቱ ፈገግ ብላ ፊቷን አዞረች። ያን ፊት ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ።

አያንቱ፣ ይህን ገመቹ ያነብልሻል። ነገ ካርታ ቢሰጡኝ፣ ቀድሜ የምናገር ብሆን፣ ጥንድ ሦስት ቢደርሰኝ፣ እጨምራለሁ፤ እንዲህ ነኝ። ይቅር ማለትና አለማለት የአንቺ ነው፤ አልለምንሽም። አንድ ነገር ብቻ መልሰሽ ውሰጂልኝ፤ ያኔ «አንቺ ምን ታደርጊ» ያልሽኝን። የማደርገው ነበረኝ። «የማን ነው?» ስባል «የአያንቱ ነው» ማለት ነበረብኝ።