የአባቴ ባስ ዝም ያለ ጊዜ

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ምናለሽ ተራ በርሜል ሲቀጠቅጥ ነው። በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ መዶሻ ጨበጠ፤ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስም አልለቀቀውም። መዶሻው አሳደገን፣ አስተማረን፤ ጆሮውን ግን ወሰደበት። መጀመሪያ የሴትና የሕፃን ድምፅ ራቀው፣ ቀጥሎ አዛኑ፣ በኋላ ሁሉም። ቀኝ ጆሮው ስር ተጠግተው ሲጮኹበት ብቻ የሆነ ነገር ይሰማዋል።

ቤት ውስጥ ግን እምብዛም አንቸገርም ነበር። ቆርቆሮ ቀጥቃጮች በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል የሚግባቡት አፍ አፍ እየተያዩ ነው። አባቴም ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ የሚያወራውን ሰው ከከንፈሩ ያነባል። እኔና እህቴ ከልጅነታችን ጀምሮ አፋችንን ለቀቅ አድርገን እያወራነው ነው ያደግነው። ወንድሜም እንደዚያው አድጓል። ትዳር ከያዘ ወዲህ ግን ፊቱን ወደ አባቴ አዙሮ ሲያናግረው አይቼ አላውቅም።

ባሱ ያለበትን ሆም ቴአትር የላከችው ኩዌት ሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቴ ናት። ለእረፍት የመጣች ጊዜ የዘመድ ሰርግ ነበረን። ድንኳኑ ውስጥ መንዙማ ተከፈተ። አባቴ ከሽማግሌዎቹ መሀል ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ትልቁ ስፒከር ሄደ። የሚያውቁት ሰዎች ተሳሳቁ፤ ደንቆሮ ሽማግሌ ስፒከር ስር ምን ይሠራል? እሱ መዳፉን ሳጥኑ ላይ ዘርግቶ ዓይኑን ጨፈነ። ቆይቶ ራሱን ከድቤው ምት ጋር ይወዘውዝ ጀመር፤ አንድም ምት አልሳተም። እህቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ አለቀሰች።

ማታ ቤት ስንገባ ጠየቅነው።

"በእጄ ነው የሚገባው" አለ። "ክንዴን ይዞ ይመጣና እዚህ ጋ ይቀመጣል።" ደረቱን ነካ አደረገ።

እህቴ በተመለሰች በዓመቱ ካርቶኑ መጣ። አራት ትንንሽ ስፒከሮች፣ አንድ ማጫወቻ፣ አንድ መሬት ላይ የሚቀመጥ ጥቁር የባስ ሳጥን። እኔ ዱባይ ተራ የስልክ ዕቃ መደብር ውስጥ ስለምሠራ ገመድ መሰካት አይከብደኝም፤ ገጣጥሜ ከፈትኩለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ የአስር ሶላቱን ሰግዶ ሲጨርስ መቀመጫ ዱካውን ይጎትታል፣ መንዙማውን ይከፍታል፣ ግራ እጁን ሳጥኑ ላይ ያሳርፋል። መግሪብ ሲደርስ ራሱ ይዘጋዋል። እናታችን ከሞተች ወዲህ ደስ ብሎት ያየሁት ያን ሰሞን ነው።

ቤታችን ከራጉኤል ጀርባ ያለች የቀበሌ ቤት ናት። የፊቱ ክፍል የእኔና የአባቴ ነው። የጓዳው ክፍል የወንድሜ፣ የሚስቱና ያኔ ገና የተወለደው ልጃቸው ነበር። በመሀል ያለው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ማስነጠስ እንኳ ያሳልፋል። ወንድሜ ባሱ ሲመታ ፊቱ ይቋጠራል እንጂ ለአባቴ አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም። ለእኔም አልተናገረም።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ አባቴ ዱካው ላይ እንደተቀመጠ አገኘሁት። መንዙማው ክፍት ነው። አራቱ ስፒከሮች እንደ ድሮው ይዘፍናሉ። አባቴ ግን እጁን ከሳጥኑ አንስቶ መዳፉን ያያል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል፣ ደግሞ ያነሳዋል።

"እጄ ነው ወይስ እሱ ነው?" አለኝ።

የእኔን እጅ አስቀመጥኩ። ሳጥኑ እንደ ድንጋይ ዝም ብሏል።

"እሱ ነው አባባ" አልኩት።

ወንድሜ ከጓዳ ብቅ አለ። "እኔ እኮ ይሄ እንደሚመጣ አውቅ ነበር" አለኝ። "በቀን በቀን እስከ ጥግ ሲከፍተው ምን ይሁን? አቃጠለው።"

አባቴ የልጁን አፍ እያየ ነበር። "አቃጠልኩት?" አለ። ወንድሜ ዞሮ ገባ።

በማግስቱ ሳጥኑን ተሸክሜ ሲኒማ ራስ አካባቢ ወደሚሠራ ጠጋኝ ወሰድኩት። ሰውዬው ቸኩሏል። የሳጥኑ ፊት ላይ ያለውን ጨርቅ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገና ሳይከፍተው "ነዷል። ድምፅ ስታበዙበት ነው" አለኝ። ለዚህ ዓይነት የሚሆን ስፒከር ሲገኝ ሠራተኛዬ ትደውልልሻለች አለና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ማንም አልደወለልኝም።

የጠጋኙን ቃል ለአባቴ መንገር አልፈለግሁም ነበር። ግን ፊቴንም ያነበዋል። ጁምዓ ዕለት እህቴ በቪድዮ ስትደውል ስልኩን ከእጄ ወሰደና ወደ ፊቱ አስጠጋው።

"ልጄ፣ አፉ በይኝ" አላት። "ያንቺን ላብ አበላሸሁት። አበዛሁበትና ነደደ።"

እህቴ "ምንም አይደል አባባ፣ ዕቃ ነው" አለች፤ ሁለት ጊዜ፣ አፏን ለቀቅ አድርጋ። እሱ ግን ስልኩን እስኪመልስልኝ ድረስ ይቅርታ መጠየቁን አልተወም። ወንድሜ እዚያው ነበር፤ በር ላይ ተደግፎ ልጁን አቅፎ ያይ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም አፌ ይመረኛል። ያን ጊዜ አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ብዙ ነገር እተውለት ነበር።

እህቴ በኋላ ለብቻዬ ደወለችልኝ። "ዓመት እንኳ ያልሞላው ዕቃ እንዴት ይነዳል? እስኪ አንቺ እይው" አለችኝ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ተቀመጥኩበት። አባቴ ዱካው ላይ ሆኖ ያየኛል። መጀመሪያ ከማጫወቻው ጀርባ የባሱን ገመድ ነቅዬ አጸዳሁና መልሼ ሰካሁ፤ ምንም የለም። በሪሞቱ ባሱ የሚጨመርበትን ቦታ አየሁ፤ ልክ ነው። ከዚያ አንዱን ትንሽ ስፒከር ነቀልኩና በባሱ ቦታ ሰካሁት። ትንሹ ስፒከር ጉሮሮው እንደታፈነ ሰው ጉምጉም ማለት ጀመረ። ማጫወቻው ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ ችግሩ ወይ ገመዱ ላይ ነው ወይ ሳጥኑ ውስጥ። ሌላ ገመድ ቀየርኩ፤ አሁንም ዝም። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ካቻቢቴ አምጥቼ የፊቱን ብሎኖች ፈታሁ። ብሎኖቹ በቀላሉ ነው የዞሩት፤ በፋብሪካ እንደጠበቀ ብሎን አላስቸገሩኝም። ስፒከሩን ሳብ ሳደርገው ከኋላው ከሁለት አጫጭር የሽቦ ጫፎች በቀር ገመድ አልተከተለውም።

ከሪሞቱ ባትሪ አወጣሁና ጫፎቹን በትርፍ ሽቦ ከስፒከሩ ጋር አነካካሁ። ስፒከሩ "ቱፍ" አለና ፊቱ ወደ ላይ ዘለለ። ሕያው ነው። ምንም አልነደደም። ሳጥኑ ውስጥ እጄን ሰድጄ ገመዱን ፈልጌ አወጣሁት። ሁለቱም ሽቦዎች በመቁረጫ ጥርት ተደርገው ተቆርጠዋል። ጫፎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ደግሞ ለየብቻቸው በጥቁር ቴፕ ተጠቅልለዋል። የተጠቀለለው በጥንቃቄ ነው፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰው እጅ። ወንድሜ የሕንፃ መብራት ዘርጊ ነው።

ለአባቴ ምን እንደምለው አላወቅሁም። ገመዱን ይዤ እንደተቀመጥኩ ወንድሜ ከውጭ ገባ። አየኝ፤ በእጄ ያለውንም አየ።

"አንተ ነህ?" አልኩት።

መካድ እንኳ አልፈለገም። "ልጄ እየደነገጠ አልተኛ አለ። ሚስቴም ራሷን ያማታል።"

"እና አትነግረንም ነበር?"

"ብነግራችሁ ትዘጉታላችሁ? እህታችሁ የላከችው ነው፣ አባታችሁ ይወደዋል፣ ይባላል።" 'አባታችሁ' ነው ያለው። "ደሞ ለማን ብለሽ ነው የምትጨቃጨቂው? እሱ እንደሆነ አይሰማ።"

ይህን ሲል ፊቱ ወደ አባቴ ነበር። ከግድግዳ ጋር የሚያወራ ሰው እንደሚያይ፣ ቀጥ ብሎ እያየው ነበር የተናገረው።

አባቴ ከከንፈሩ አነበበው። ከዚያ በዚያ ራሱ ልኩን በማያውቀው ድምፁ፣ ዝግ ብሎ፣ "ልጁ እንደማይተኛ መች ነገርከኝ?" አለው። "ብትነግረኝ አጠፋው ነበር እኮ።"

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ጓዳ ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረና ሚስቱ ጠራችው፤ ገባ።

 እኔ በቁጣ ወደ ሳጥኑ ተመለስኩ። ቴፑን ፈትቼ ሽቦዎቹን ልጬ ስፒከሩ ላይ ከቀሩት ጫፎች ጋር አጣመርኳቸው፣ መልሼ ጠቀለልኳቸው፣ ስፒከሩን አሰርኩ፣ መንዙማውን ከፈትኩ። ድቤው መጣ። መሬቱ ራደ። አባቴ ከእግሩ ስር ተሰምቶት ይሆናል፣ ሳጥኑን አየት አደረገ። እጁን ወስጄ ላስቀምጥለት ስሞክር ቀስ ብሎ አስለቀቀኝ።

"ዝጊው ልጄ" አለኝ። "ሕፃን አለ።"

ተነስቶ ለሶላቱ ውዱእ ውሃ ቀዳ።

ከዚያ ወዲያ አልከፈተውም። ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ወጣ ያለ ጊዜ "አሁን ማንም የለም፣ ልክፈትልህ?" እለው ነበር፤ "ይቅር" ይለኛል። እህቴ ስትደውል "ተሠራ አባባ?" ትለዋለች። "ተሠርቷል፣ አልሃምዱሊላህ" ይላታል። ውሸት አይደለም። የተቆረጠ መሆኑን እንዳልነግራት አስምሎኛል። ሰው አገር ሆና የምትበግንበት ምክንያት አይጨመርላት ነው ያለኝ።

ወንድሜ ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። በዒድ ዕለት የአባቴን ጉልበት ስሞ ሲመረቅ ዛሬ ይናገራል ብዬ አፉን ሳይ ቆየሁ። አባቴም ያየው ነበር። ስለ ሥራ፣ ስለ ዝናቡ አወራ፤ ያውም ግማሹን ወደ እኔ ዞሮ።

በመጨረሻ እኔ ወጣሁ። ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሌላ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየን። ከመሄዴ በፊት አባቴን ከእኔ ጋር እንዲሄድ ለመንኩት። የራሳችን ክፍል እንፈልጋለን፣ መስጊድ ቅርብ ነው፣ ማንም የሚያማርርብህ የለም አልኩት። እስክጨርስ አፌን አየኝ።

"ከዚህ ከወጣሁ ሰው ምን ይላል? ልጁ አባረረው ይላል" አለኝ። "እሱም ልጄ ነው። ልጁም የልጅ ልጄ ነው።"

አሁን በየጁምዓው እሄዳለሁ። ፊት ለፊት ተቀምጠን እናወራለን፤ ስለ መደብሩ ይጠይቀኛል፣ ስለ ደንበኞቼ ስነግረው ይስቃል። ወንድሜ ካለ ሰላም እለዋለሁ፤ ሻይ ይቀርብልኛል፣ እጠጣለሁ። እህቴ ለምን ከቤት እንደወጣሁ እስከ ዛሬ አልገባትም። አባታችንን ጥዬ በመሄዴ ተቀይማኛለች፤ ስትደውልም ድምጿ ቀዝቀዝ ይላል። ብነግራት እንደሚቀላት አውቃለሁ። ለአባቴ ግን ምያለሁ።