ከአልጋዬ ሥር የነበረው የሶያ ዱቄት

«ልጅቷ ምን ትበላለች?» አለ ሐኪሙ።

የጠየቀው እህቴን ዘይነባን ነበር። እኔ ቀደም ብዬ «ሁሉንም ትበላለች፣ ዶክተር» አልኩት።

የታመመችው የዘይነባ ልጅ ኑሪያ ነች፤ ገና ዓመት ተመንፈቋ። መጀመሪያ ያበጠው እግሯ ነው። ጎረቤታችን እማማ ሸምሲያ «ማሻአላህ! ወፈረችልሽ፤ የምታበያትን ለኔም ስጪኝ እንጂ» ብለው ቀለዱ። ዘይነባ ደስ አላት። እኔ እግሯን በጣቴ ጫን አደረግኩት። ጎደጎደ። አልተመለሰም።

ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ከሥነ ምግብ ትምህርት ከተመረቅኩ ሁለት ወሬ ነበር፤ ፈተና ላይም መጥቶልኛል፦ ክዋሺዮርኮር፣ የፕሮቲን እጥረት። የዘይነባ ባል ኮልፌ ገበያ ምስርና ሽምብራ ይነግዳል፤ ቤታችን ጆንያ በጆንያ ነው። ኑሪያ ግን ጡት ከጣለች ጀምሮ የገብስ አጥሚት ብቻ ነው የምትጠጣው። ወደ ሽሮው እጇን ስትሰድ እናቷ «ተይ፣ ሆድሽን ይነፋሻል» ብላ ትመልሳታለች። አንዴ ልናገር ስል «መጣች ደሞ ምሩቋ!» አለችኝ። ተናድጄ ተውኩት። አንድ ጣሳ የሶያ ዱቄት ከአልጋዬ ሥር ነበረኝ፤ ሥራ ስጠይቅ ላሳየው ያስቀመጥኩት።

ምሩቅ ያለችበት ቤት ልጅ ተራበ እንዳይባል ዋሸሁ። ሐኪሙም አመነኝ። ኩላሊት ጠርጥሮ፣ ጨው ከልክሎ፣ ክኒን ሰጥቶ ሰደደን።

ስምንት ቀን በከንቱ ጠፋ። ፊቷ አበጠ። ፀጉሯ ቀላ። ቆዳዋ ተላጠ። ማልቀስ አቆመች።

ስንመለስ ሐኪሙ ዘይነባ ላይ ጮኸ። «ምን ዓይነት እናት ነሽ?» ዘይነባ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የጃንሆይ ፎቶ ሥር አንገቷን ደፋች። እኔ የኑሪያን ነጠላ አስተካከልኩ።

ኑሪያን እዚያው ሆስፒታል አስተኟት። መጀመሪያ ወተት በማንኪያ ትንሽ በትንሽ ሰጠናት፤ እብጠቱ ሲጎድል ደሞ ነርሷ እንዳሳየችን ስንዴ፣ ሽምብራና ሶያ ተቀላቅሎ በደንብ የበሰለ ገንፎ አበላናት፤ በሦስተኛው ሳምንት ማንኪያውን ከእጄ ነጥቃ መልሳ በሱ መታችኝ። ነርሷን አላህ ይስጣት።

የልጃችሁ እግር ካበጠ፣ ወፈረ የሚላችሁን አትስሙ። ጫን አድርጋችሁ እዩ። ሐኪም ሲጠይቃችሁም እውነቱን ንገሩት። ሶያ ከመቶው አርባ ያህሉ ፕሮቲን ነው፣ ምስር ሩቡ፣ ሽምብራ አንድ አምስተኛው፤ ገብስ ከዚያም ያንሳል። ስንዴ የሚያንሰው ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬው ውስጥ ስላለ ቀላቅሉ። ሶያውን ቆልታችሁ ፍጩ፤ ጥሬው አይስማማም።

ልንወጣ ስንል ሐኪሙ ዘይነባን «ሁለተኛ እንዳታስርቢያት» አላት። እሷ አሁንም አንገቷን ደፋች።

«ዶክተር፣» አልኩት፣ «ያን ቀን ምን ትበላለች ብለው ነበር። አጥሚት ብቻ ነበር። እያወቅኩ ነው የዋሸሁዎት። የሶያ ዱቄትም አልጋዬ ሥር ነበረኝ።»