አሥራ ሁለት ኪስ፣ አንድ ኮዝ ውሃ

በዚያ ዓርብ ጠዋት የሠራሁት ቂልነት ጃኬት መልበስ ነው። በካርቱም ሙቀት፣ በስልሳ ስምንት ዓመቴ፣ አሥራ ሁለት ኪስ ያለው የወታደር ቀለም ጃኬት። ከልባሽ ጨርቅ ተራ ነው የገዛሁት። ሳጃና ሰፈር ካለው ጸሎት ቤታችን ሴቶች አንዷ «ጋሼ፣ ይሄን ሲለብሱ አሥር ዓመት ይቀንሳሉ» ብላኝ ነበር። መቀነሱን እንጃ፤ አሥር ዓመት ሊያስፈርድብኝ ግን ትንሽ ነበር የቀረው።

ጊዜው የሱዳኑ ጦርነት ከመጀመሩ በፊት ነው። የሱዳንና የኢትዮጵያ መንግሥታት በድንበር ጉዳይ ተኳርፈው፣ ሐበሻ የሆነ ሁሉ በክፉ ዓይን የሚታይበት ሰሞን። ሌላው ሰው አንገቱን ደፍቶ በግድግዳ ጥግ ጥግ ሲሄድ እኔ ደረቴን ነፍቼ ከረክሻው፣ ከባጃጁ ማለቴ ነው፣ ወረድኩና ድልድዩ ላይ ያለውን ፍተሻ በእግሬ ላልፍ ተጠጋሁ። ወንዙ ማዶ፣ ወደ ባሕሪ ነበር የምሻገረው። ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በየቪላው የሚሠሩ ክርስቲያን ልጆቻችንን ዓርብ ዓርብ እዚያ አስተምራለሁ፤ ዕረፍታቸው እሷው ቀን ናት።

ወታደሩ አሥራ ሁለቱንም ኪስ ፈተሸ። አሥራ አንዱ ባዶ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ደብተሬ አለ። ገለጠው። የዚያ ዓርብ ትምህርት የእግዚአብሔር ዕቃ ጦር ነበር፤ ለማስረዳት ይመቸኛል ብዬ ራስ ቁር የደፋ፣ ጋሻ የያዘ፣ ሰይፍ የመዘዘ ሰውዬ ስዬ በቀስት በቀስት ምልክት አድርጌበታለሁ። ሥዕል አልችልም። ሰውዬው ጋሻውን እንደ መትረየስ ነው የታቀፈው። ወታደሩ ሥዕሉን አየ፣ ጃኬቱን አየ፣ እኔን አየ።

«ያ ሐጅ፣» አለኝ፣ ሽማግሌን ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠሩት፣ «የየትኛው ጦር አዛዥ ነህ?»

ልስቅ ነበር፤ ፊቱን አይቼ ተውኩት።

የወሰዱኝ እዚያው ባሕሪ፣ ፋብሪካዎቹ መሀል፣ ድሮ የሰሊጥ ዘይት ማከማቻ ወደነበረ ክፍል ነው። መስኮት የለውም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዘይቱ ግድግዳው ውስጥ ሰርጎ ቀርቷል፤ ፀሐይ ስትበረታ ግድግዳው ያልበዋል። እስከ ዛሬ ሰሊጥ አልበላም። ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ ከእኔ ጋር ዘጠኝ ሆንን፤ ሁላችንም ሐበሻ። በሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ የወሎ ሰው፣ ግንበኛ ነው፣ ከላይ እስከ ታች አየኝና

«ወላሂ፣ አዛዣችን መጡ!» አለ። «አባባ፣ ጦሩን የት ጥለውት ነው?»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከወዲያ ጥግ ግን አንድ ሰው ሳይስቅ ተነሳ። አወቅሁት። ካፉሪ የአንድ ቪላ ዘበኛ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ ከፊቴ ተቀምጦ ተምሯል። ሦስት ሳምንት ሲቀርብኝ ጊዜ «ዓለም ወሰደችው» ብዬ በጉባኤ ፊት ስሙን ጠርቼ ጸልዬለት ነበር። ዓለም አልወሰደችውም። እዚህ ነበር።

ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። «መምህር» ብሎ እጄን ሊስም ጎንበስ አለ።

ቀትር ላይ በሩ ተከፈተ። ጠባቂው ቀጭን፣ ፂሙን አሳምሮ የተከረከመ ሰው ነው። አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ኮዝ፣ የቆርቆሮ ኩባያ ማለት ነው፣ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሥርዓቱ የራሱ ፈጠራ ነው። በጣቱ ይጠቁማል፤ የተጠቆመው በዓረብኛ «ውሻው አለሁ» ይላል፤ ኮዙ ይሞላለታል። ያላለ አይጠጣም። ውሃ በቀን ሁለቴ ነው፤ ቀትር ላይና ፀሐይ ስትጠልቅ። ሌላው፣ ጠዋት ወደ ሽንት ቤት ሲያወጡን ጠባቂው ፊቱን ካዞረ ከቧንቧ በመዳፍ የምትጨለፍ ጠብታ ናት።

ይሄን ስጽፍ ብዕሬ ወረቀቱን ይቀደዋል። ከንዴት ነው። ከእርጅናም ነው፤ ግን ከንዴት ነው።

ሰባቱ በተራ አሉት። ግንበኛው ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቅሎ ነው ያለው። ዘበኛው ጋ ሲደርስ ዝም አለ። ጠባቂው ኮዙን ሞልቶ አፍንጫው ሥር አመጣለት፣ ትንሽ ጠበቀ፣ መልሶ ባልዲው ውስጥ ገለበጠው። ውሻ ነኝ አልልም ካለ አራተኛ ቀኑ እንደነበረ በኋላ ነው የሰማሁት።

የእኔ ተራ ደረሰ። እንዴት እንዳልኩት ልንገራችሁ። ሳላቅማማ። አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ ባማረ ዓረብኛ፣ ፈገግ እንኳ ብዬ። ጠባቂው «ይሄ ሽማግሌ ለምዶታል» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው። ሠላሳ ዓመት በጸሎቱ መጀመሪያ ትል ነኝ፣ ትቢያ ነኝ፣ ጉድፍ ነኝ ሲል የኖረ ሰው ውሻ ቢሉት ሹመት ነው። በልቤ «ትሕትና ነው» አልኩ። ኮዙን ተቀብዬ ጨለጥኩት። ግርጌው ላይ ዝገት እንደነበረበት አስታውሳለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ጠጥቻለሁ ማለት ነው። ቀና ስል ዘበኛው አጠገቤ ተቀምጧል። ከንፈሩን አየሁ። ኮዙን አየሁ። ባዶ ነው።

ጠባቂው ኮዙን ነጥቆኝ በሩን ዘጋ።

«ልጄ፣» አልኩት፣ አፍሬ መሆን አለበት፣ «ቃል እኮ ነው። በለውና ጠጣ። እግዚአብሔር ልብህን ያያል።»

«መምህር፣ ይሄን ቃል ማን እንዳስተማረኝ ያውቃሉ?»

«ማን?»

«እርስዎ ነዎት።»

ግንበኛው «ይሄ ወሬ ሊጥም ነው» ብሎ ተጠጋን።

«ዓርብ እርስዎ ‹ምንም ነን፣ ከትቢያ በታች ነን› ይሉናል» አለ ዘበኛው። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ምራቅም አልነበረውም። «ቅዳሜ የቪላው ባለቤት ያንኑ ይለኛል። ምሳዬን ከጄኔሬተሩ ኋላ ነው የምበላው፣ ውሻቸው ከበላ በኋላ። እኔም ‹ልክ ናቸው፣ መምህርም ብለውኛል› እያልኩ እበላለሁ። ሁለት ዓመት፣ መምህር። ትሕትና መስሎኝ።»

«እኔ እንደዚያ ብላ አላልኩህም።»

«አላሉኝም። እንደዚያ አትብላም አላሉኝም።»

መጀመሪያ የተናደድኩት በእሱ መሰለኝ። «ታዲያ ትዕቢት ላስተምርህ ነበር?» አልኩት።

«ትዕቢቱማ» አለ፣ ጃኬቴን እያየ፣ «ለእርስዎም ይበቃዎታል።»

ግንበኛው ሳቁን በመዳፉ አፈነ። ጃኬቱን የለበስኩት ራሴን ስለማከብር አልነበረም። ራሱን የሚያከብር ሰው አሥራ ሁለት ኪስ አያስፈልገውም። በጸሎት ትል፣ በመንገድ ጄኔራል የሆንኩት በአንድ በሽታ ነው፤ ማን እንደሆንኩ ጸሎቱም ላይ፣ መንገዱም ላይ አላውቅም ነበር።

«ኢቃማ ላወጣ ስሄድ» ብሎ ቀጠለ፣ «አራት ስም አምጣ አሉኝ።»

ይሄን ሱዳን የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። የመኖሪያ ወረቀቱ የራስን፣ የአባትን፣ የአያትንና የቅድመ አያትን ስም ይፈልጋል። እኔ አራቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው የምጠራው። እሱ ግን አባቱ በሕፃንነቱ ሞቶበት በእናቱ ዘመዶች እጅ ያደገ ሰው ነው። የአባቱን ስም ያውቃል፤ ከዚያ በላይ የለውም። ጸሐፊው ሰልፉ ረዝሞበት ኖሮ ሁለት ስም ከራሱ ጨምሮ ሞላለት።

«የማላውቃቸው ሰዎች ዘር ሆኜ ወጣሁ። የዚያን ሰሞን በሩ ላይ ተቀምጬ ወንጌል ስገልጥ የጌታ ትውልድ የሚቆጠርበት ቦታ ላይ ደረስኩ። እርስዎ ‹ይሄ የስም ዝርዝር ነው፣ ዝለሉት› ብለውን ነበር።»

ብያለሁ። የስሞቹ አጠራር ምላሴን ስለሚያስቸግረኝ ነው።

«እኔ አልዘለልኩትም። ወደ ላይ እየቆጠረ ይወጣል፣ ይወጣል። መጨረሻው ማን ጋ ነው፣ መምህር?»

«አዳም ጋ።»

«ከአዳም በላይስ?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ወንጌሉ «የእግዚአብሔር ልጅ» ብሎ ነው የሚዘጋው። አፌ ግን ደረቀ፤ ውሃ የጠጣሁት እኔ ሆኜ።

«እሱን ካነበብኩ በኋላ የቪላውን ባለቤት ፓስፖርቴን መልስልኝ አልኩት። ቀና ብዬ ነው ያልኩት። በማግስቱ ሰላይ ነው ብሎ ጠቆመብኝ።» ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «መምህር፣ እርስዎ የነገሩን ግማሹን ብቻ ነው። አፈር ናችሁ አሉን። አፈሩን በእጁ ያበጀው፣ እስትንፋሱን የሰጠው ማን እንደሆነ ሳይነግሩን ወደ ሌላ ገጽ አለፉ። ሰውን እንደ ራሳችን እንድንወድ ታዘናል ይሉናል ደግሞ። ራሴን እንደ ጥራጊ ካየሁት ሰውን ምን ላደርገው ነው?»

ከሰዓቱ እንዳለ ተጫነን። የበሩ ብረት ጋለ። አንዱ በጫማው ያራግባል፣ አንዱ ያቃስታል። እኔ በሆዴ ስቆጥር ዋልኩ፤ ስንት ዓርብ፣ ስንት ልጅ፣ ስንቷ ከእኔ ትምህርት ተነስታ ወደሚሰድባት ቤት ጎንበስ ብላ እንደተመለሰች።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቆርቆሮው መንጣጣት ጀመረ። ጠባቂው ባልዲውን ይዞ መጣ። ዘበኛው መምህር እያለ እንደሚጠራኝ አንዱ ነግሮታል።

«ኡስታዙ አንተ ነህ አሉ» አለኝ። «ያላ፣ ተማሪህን አስተምረው። እሱ ካለ ሁላችሁም ትጠጣላችሁ። ካላለ ባልዲው ይመለሳል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እሱን ያየው የለም። እውነቱን ልናገር፤ «በለው ልጄ» የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሰባት የተጠሙ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ አዝኜ ነው ብል ቅዱስ እመስላለሁ። እንደዚህ ዓይነት ሰበብ ለራሴ በማቅረብ የሚስተካከለኝ የለም።

ዘበኛውን አየሁት። አልለመነኝም። ዓይኑን ጨፍኖ ከእኔ የሚመጣውን ይጠብቃል፤ ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው።

ተነሳሁ። ጉልበቴ ተንቋቋ፤ ሁሉም ሰማው። ጃኬቱን አውልቄ መሬት ላይ ጣልኩት።

«ቀትር ላይ ተሳስቼ ነው የነገርኩህ» አልኩት ጠባቂውን። «ስሜ እንደዚያ አይደለም።»

ከዚያ ስሜን ነገርኩት። የአባቴን፣ የአያቴን፣ የቅድመ አያቴን፤ ቢሮ እንደምንጠራው፣ በአራት። ደፋር ነበርኩ እንዳትሉ፤ ሦስተኛው ላይ ድምፄ ተሰነጠቀ። ግን ጨረስኩት።

ጠባቂው ወደ ዘበኛው ዞረ። «አንተስ?»

አራት ቀን ዝም ያለው ሰው ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ስሙን ተናገረ። የአባቱን ስም ተናገረ። እዚያ ላይ ቆም አለ፤ እኔ ፈራሁለት፣ ሌላ እንደሌለው አውቃለሁ። «አዳም» አለ። ከዚያ ጣቱን ወደ ጣሪያው አነሳ፤ ከጣሪያውም በላይ።

አራት ሞላ።

«እኔም ተሳስቼ ነው የነገርኩህ» ብሎ ግንበኛው ተነሳ፤ ከነቅድመ አያቱ ጠራው። ሌሎችም ተነሱ። ሁለት ሰዎች አልተነሱም። አልፈርድባቸውም፤ ቀትር ላይ የጠጣሁ ሰው ነኝ።

ጠባቂው አልጮኸም፣ አልመታንም። ባልዲውን በፊታችን ደፋው፣ በቀስታ፣ እስከ ጠብታው። ውሃው ዘይት በጠገበው ወለል ላይ ተንከባሎ እግራችን ሥር መጣ። የሚላስ አልነበረም። በሩ ሲዘጋ ግንበኛው «እግራችንን አጠበን እኮ!» አለ። ሳቅን። ድል እንዳይመስላችሁ። ጥማት ነበር፤ ሲነጋ አንዱን ደግፈን ነው ያወጣነው። ጠምቶት ውሃ ሲደፋ ማየት ምን እንደሆነ የማያውቅ፣ «ለጠባቂው ጸልይለት» እያለ አይምከረኝ። እጸልይ ይሆናል። ገና ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ለቀቁኝ። ጃኬቱን ጠባቂው ለብሶት አየሁ፤ እሱንም አሥር ዓመት አልቀነሰለትም። ዘበኛውን ግን ከዚያ በፊት ባለው ጠዋት ወደ ሌላ ቦታ ወስደውታል። በሩ ላይ ዞር ብሎ «መምህር፣ ዝርዝሩን አይዝለሉት» ብቻ ነው ያለኝ። በቀጣዩ ዓርብ ያን የስም ዝርዝር ምላሴ እየተደናቀፈ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ሳስተምራቸው የኖርኩት ግማሹን እንደሆነም ነገርኳቸው። አንዷ አለቀሰች፤ አንዷ «ጋሼ፣ ጃኬቱስ?» አለችኝ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ጉባኤውም፣ ቪላውም፣ ሁሉም ተበተነ። ስለ ዘበኛው የጠየቅሁት ሁሉ አላየነውም አለኝ።

አሁን ገዳሪፍ ነው ያለሁት። ጠዋት ጠዋት አፈር ነኝ እላለሁ፤ እዚያ ላይ ግን አላቆምም። ደጄ ላይ ዚር አስቀምጫለሁ፤ የዚህ አገር ሰው ለመንገደኛ በየደጁ የሚያኖረውን ትልቅ የሸክላ የውሃ ጋን። ራሴ እየቀዳሁ እሞላዋለሁ፤ ወገቤ ይሰድበኛል። ኮዝ በገመድ አስሬበታለሁ። የሚጠጣ ሁሉ ይጠጣል፤ ማን ነህ ተብሎ የሚጠየቅ የለም። ጎረቤቴ «ያ ሐጅ፣ ለነፍስህ ነው?» ትለኛለች። «ዕዳ ነው» እላታለሁ። የቀልድ ይመስላትና ትስቃለች።

ለአንድ ሰው ነው። ያን ቀን ቀትር ላይ አጠገቤ ተቀምጦ እያየኝ እስከ ዝገቱ ድረስ የጨለጥኩት አንድ ኮዝ ውሃ፤ ግማሹ የእሱ ነበር።