እናቴ ቁጭ ብላ የሰማችው መዝሙር

ባለፈው እሁድ ልጄ ሳሎኑን ለጓደኞቿ እንድለቅላት ጠየቀችኝ። ሊዘምሩ፣ ግጥም ሊያነቡ፣ አንደኛዋም እየተዘመረ ሥዕል ልትሥል። ሶፋውን ወደ ግድግዳው ስንገፋ፣ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ እኔም እንዲሁ ሰው የጠራሁበት ቀን ትዝ አለኝ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ቤታችን ከሶማሌ ተራ ሱቆች ጀርባ ነበር። በአዘቦት ቀን ሰውና ሰው የማይደማመጥበት ሰፈር እሁድ ከሰዓት ጭር ይላል፤ ከክረምቱ ጭቃና ከበርበሬ ሽታ በቀር የገበያ ምልክት አይታይበትም። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። ጴንጤ መሆኔ ቢከፋትም ቤቷን አልከለከለችኝም። ሻይና ዳቦ አዘጋጅታ ጓዳ ትገባለች እንጂ አብራን ተቀምጣ አታውቅም። ያን ቀን ግን ራሴ የደረስኩትን መዝሙር ስለምዘምር፣ ምናልባት ብዬ ከጓዳው በር አጠገብ ወንበር አስቀመጥኩላት።

ሳሙኤል የሚባል ጓደኛችን ግድግዳው ላይ በወጠርነው አቡጀዲ በከሰል ይሥላል፤ ዝማሬው ሲቀዘቅዝ እጁም ይቀዘቅዛል። ከእኔ በፊት የምትዘምረው መሠለች የምትባል ጓደኛችን ነበረች። ከጉራጌ አገር ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ አክስቷ ዘንድ የምትኖር ዝምተኛ ልጅ ናት። የጋበዝኳትም እኔው ነኝ።

"የኔ በአማርኛ አይደለም፤ ይቅር እንዴ?" አለችኝ ጠጋ ብላ።

"ዘምሪው፤ ምን ችግር አለው" አልኳት።

ጊታር እንዲያጅባት ሳትጠብቅ በጉራጊኛ ጀመረች። አዝማቹን ስትደግም የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። እናቴ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እያደራረቀች ወጥታ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር።

"የማን ልጅ ነሽ አንቺ?" አለቻት ሲያልቅ። "እስቲ ድገሚልኝ።"

"እሺ እትዬ" አለች መሠለች፣ አንገቷን ደፍታ።

ጉራጊኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ እኔ ግን እሰማለሁ እንጂ አፌን አልፈታሁበትም፤ እናቴም ተማሪ ብላኝ አታውቅም። ተራዬ ደርሶ ስነሳ እሷም ተነሳች።

"እማዬ፣ የኔን ሳትሰሚ?"

"ሻዩ ይገነፍላል" ብላ ገባች። ባዶውን ወንበር እያየሁ ዘመርኩ። ጓደኞቼ አሜን ሲሉ እንኳ ደስ አላለኝም።

እንግዶቹ ሄደው ብርጭቆ ስናጥብ አላስችል አለኝ። "ለእሷ ወጥተሽ ለእኔ ለምን ገባሽ?"

"አንቺንማ ልብስ ስታጥቢም ስትጠርጊም እሰማሻለሁ" አለች ሳትቆጣ። "ያን ዜማ ግን እናቴ እንሰት ስትፍቅ ነበር የምታዜመው። ከሞተች ወዲህ ዛሬ ገና ሰማሁት።"

ብርጭቆውን ተቀብያት ማድረቄን ቀጠልኩ፤ አልተጽናናሁም ግን። ከዚያ ወዲያ መሠለች እሁድ እሁድ እየመጣች እናቴ አጠገብ ትቀመጥ ጀመር። የቀረች ዕለት እናቴ በር በሩን ታያለች።

አሁን እናቴ አርጅታ እኔ ጋ ትኖራለች። ወደ አገሯ የተመለሰችው መሠለች ከወልቂጤ ስትደውል ሰላም ካለችኝ በኋላ "እትዬ አሉ?" ትላለች። ስልኩን ሰጥቼ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ፤ የእናቴ ሳቅ ግን ተከትሎኝ ይመጣል። እኔ እንደዚያ አስቄያት አላውቅም። ልጅ ወልጄ ሳሳድግ እናቴ ያኔ ያለችኝ ነገር ገብቶኛል፤ ገባኝ ማለት ግን አይቆጠቁጠኝም ማለት አይደለም። ሁለቱንም እየወደድኩ ዛሬም እቀናለሁ። ድሮ ያሳፍረኝ ነበር። አሁን ለሌላ ሰው ስትስቅ የምቀናባት እናት በቤቴ መኖሯን ሳስብ፣ ግድ የለም፣ ቅናቱም ይቆይልኝ እላለሁ።