«እደግፋለሁ» ያልኩበት ስብሰባ

ከባምባሲ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን መንገድ ዳር ማንጎ ከምንሸጠው ሴት ልጆች መካከል አማርኛ ደህና አድርጋ የምታነብ እኔ ብቻ ነበርኩ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ለወጣቶች ስብሰባ ከሴቶች አንድ ተወካይ ምረጡ ሲባል እኔን የመረጡኝ ለዚህ ነው። ለንግግር ቢሆን ኖሮ ጓደኛዬን ይመርጡ ነበር። እሷ ሰው አትፈራም፤ ዋጋ ቀንሺ እያለ የሚጨቀጭቃትን ሾፌር በሳቅ ታባርረዋለች። ግን ትምህርቷን አራተኛ ክፍል ላይ አቋርጣለች፣ ፊደሉም ጠፍቶባታል። ስብሰባ የሚፈልገው ማንበብ የሚችል ሰው መስሎን ነበር።

ጉዳዩ ትምህርት ላቋረጡ ወጣቶች ስለሚከፈተው ክፍል ነው። ሰዓቱን ወጣቶቹ ራሳቸው ይወስኑ ተብሏል። ወንዶቹ ቀን ስለሚሠሩ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ለጓደኛዬ ግን ማታ ከሆነ ክፍሉ ባይከፈትም ያው ነው። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው፤ አባቷ ፀሐይ ከጠለቀች ከቤት አያስወጣትም። እንደ እሷ ያሉ ሌሎችም ነበሩ።

ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን ማንጎዋን በጨርቅ እየወለወለች፣ «አንድ ነገር ብቻ በይ» አለችኝ። «ዘጠኝ ሰዓት ይሁንልን በይ። ያኔ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ አባቴም አይከለክለኝም።»

«ዘጠኝ ሰዓት» አልኩ።

«ለማንጎው ነው እንዴ የምትነግሪው? ጮክ በይ!»

«ዘጠኝ ሰዓት!»

አንድ የባጃጅ ሾፌር አንገቱን አወጣና «ኧረ ገና አምስት ተኩል ነው እህቴ!» አለኝ። ልጆቹ ሁሉ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ፊቴ ግን እስኪመሽ አልቀዘቀዘም።

በማግስቱ የእናቴን ቶብ ተከናንቤ ሄድኩ። መድረኩን የሚመሩት ከአሶሳ የመጡ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። የወንዶቹ ተወካይ ትምህርቱ ማታ ይሁን ብሎ ሲጨርስ፣ «መልካም ሐሳብ ነው፤ ለሁሉም የሚመች ይመስለኛል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ ልጄ፣ የሴቶቹንስ ድምፅ እንስማ?»

ቆምኩ።

በእኛ መንደር ትልቅ ሰው ሰው በተሰበሰበበት ከተናገረ፣ ታናሹ «መልካም ብለሃል» ይላል እንጂ አይቃወምም። የማይስማማበት ነገር ካለ በኋላ ቤቱ ድረስ ሄዶ ለብቻው ይነግረዋል። ትልቁም ሰው በማግስቱ ሐሳቡን ራሱ ቀይሮት ይመጣል፤ ማንም አያፍርም። አባቴ የእርሻ ድንበር ጭቅጭቅ እንዲህ ሲጨርስ አይቻለሁ። እኔም «ጥሩ ነው፤ እደግፋለሁ» አልኩና ተቀመጥኩ። ተጨበጨበልኝ። እጅ አውጡ ሲባልም አወጣሁ። ሲያልቅ ጠጋ ብዬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር።

ሲያልቅ ሰዎች ከበቧቸው። ሰው እስኪቀንስ ቆሜ ጠበቅኩ። እሳቸው መኪናቸው ውስጥ ገቡ፤ መኪናው ወደ አሶሳ ሄደ።

የመንደራችን ወግ ነው ያሳሳተኝ እያልኩ ራሴን ብዙ ጊዜ አጽናንቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ገና ሳልቆም ፈርቼ ነበር። «እደግፋለሁ» ያልኩት ቶሎ ለመቀመጥ ነው። ይህም ቢሆን ይቅር የሚባል ነው። ራሴን ይቅር ያላልኩት ከዚያ በኋላ ላደረግኩት ነው።

ጓደኛዬ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። «እሺ፣ ምን አሉ?»

«ነገርኳቸው። አልተቀበሉኝም።»

«ጮክ ብለሽ?»

«ጮክ ብዬ።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ» አልኩ።

ተናደደች፤ በእነሱ እንጂ በእኔ አይደለም። ነገ ቀበሌ እንሄዳለን አለች። ማንጎው ይበላሻል አልኳት፤ የቀበሌው ጸሐፊ አይገኝም አልኳት። አልሰማችኝም። በማግስቱ እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

«ተወካያችን ዘጠኝ ሰዓት ይሁን ስትላችሁ ለምንድን ነው ያልሰማችኋት?» አለችው ጸሐፊውን ገና ከበሩ።

ግራ ገባው። እኔን አየኝ፤ ከዚያ ቃለ ጉባኤውን አውጥቶ አነበበ። «የሴት ወጣቶች ተወካይ የማታው ሰዓት ተስማሚ መሆኑን ገልጸው ሐሳቡን ደግፈዋል።»

«እንዲህ አላለችም። ውሸት ነው» አለች ጓደኛዬ። ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ ሰጠችኝ። «አንቺ አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት። አንድም ቃል አልተሳሳትኩም።

ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ለጸሐፊው መለሰችለት። ከዚያ፣ «በይ አሁን ንገሪው» አለችኝ።

«ዘጠኝ ሰዓት ይሁንልን» አልኩ። ድምፄ ወጣ፤ የገረመኝም ያሳፈረኝም መውጣቱ ነው። ያን ያህል ቀላል ነበር።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አላነሳም። «እህቶቼ፣ በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ነገር ነው። ሌላ ስብሰባ ሲጠራ ታቀርባላችሁ።»

«መቼ ነው የሚጠራው?» አለች።

«ሲጠራ።»

ክፍሉ ማታ ማታ ተከፈተ። የእኛ ቤት ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ይዋሰናል፤ እናቴ ሂጂ አለችኝ፣ ተመዘገብኩ። ከወንዙ ማዶ አንዲትም ሴት አልመጣችም። ከጓደኛዬ ጋር አሁንም ጎን ለጎን ነው የምንሸጠው። ከሾፌሮቹ ጋር እንደ በፊቱ ትቀልዳለች። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስታ አታውቅም። ወላሂ ስላልኩት እንኳ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ይቅርታ አላልኳትም። ሰው የሌለበት ሰዓት እየመረጥኩ ይኸው ወራት አለፉ።

ባለፈው ሳምንት ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያልተሸጠውን ማንጎዬን ወደ ዘንቢሌ ስመልስ አየችኝ።

«ተይው፣ ከእኔው ጋር እሸጥልሻለሁ» አለችኝ። «ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።»

ደብተሬን አንስቼ ሄድኩ።