ሜክሲኮን አልፎ ያለው ሆስፒታል

በ2005 ዓ.ም. እኛ ሰፈር፣ ማለቴ ካዛንቺስ ከቶታል ጀርባ፣ የአንዲት ሴት ሆድ ገፋ ማለት ሲጀምር ከዘመድ ቀድመው የሚጠይቋት ጋሽ ቸሩ ነበሩ። ላዳቸውን ቶታል ጋ አቁመው ተራ ሲጠብቁ ስታልፍ ያዩዋታል። ደህና ነሽ ወይ የለም፣ ስንት ወርሽ ነው የለም። የመኪናውን መስኮት ዝቅ ያደርጉና «የት አሰብሽ?» ይሏታል። ገና አላሰብኩም ካለች «አስቢያ» ብለው መስኮቱን ይዘጋሉ።

ስልሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት የማያወልቁ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ስንት ሴት ማዋለጃ እንዳደረሱ እሳቸውም አያውቁትም። የትኛው ሆስፒታል በር ላይ ዘበኛ እንደሚያስቆም፣ የትኛው ጋ ቃሬዛ ቶሎ እንደሚመጣ ጠንቅቀው ያውቃሉ። የትኛው ይሻላል ሲባሉ ግን አይናገሩም። «እኔ ሹፌር ነኝ። የምትወልጂው አንቺ» ነው መልሳቸው። ባለሱቋ ጎረቤቴ ከውሰር አንድ ቀን «ጋሽ ቸሩ፣ ሽንኩርት የት ይሻላል ሲባሉ እንኳ ይናገሩ የለ?» ብላ አሾፈችባቸው። «ሽንኩርት ከተበላሸ ይጣላል» አሏት። ከውሰር ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

እኔን ሲጠይቁኝ ሰባተኛ ወሬ ገብቶ ነበር፤ መልስም አልነበረኝም። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጄን ሳምጥ ሰው ሂጂ ያለኝ ቦታ ሄጄ ነበር። ቀኑን ሙሉ ካማጥኩ በኋላ ሪፈር ጻፉልኝ። የተላክሁበት ቦታ አልጋ የለም አሉ። ሦስተኛው ቦታ ላይ ልጁ በኦፕራሲዮን ወጣ። ወንድ ነበር። አላለቀሰም። ስለ እሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

በዚህኛው እርግዝና ክትትል የማደርግበት ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። «ማህፀንሽ ላይ ጠባሳ አለ። ምጥ ከጀመረሽ እኛ ጋ መጥተሽ ጊዜ እንዳትፈጂ። ኦፕራሲዮን ክፍልና ሐኪም የማይጠፋበት ቦታ ቀጥ ብለሽ ሂጂ።» ሪፈሩን አስቀድማ ጻፈችልኝ። በላስቲክ ጠቅልዬ ከሕፃኑ ልብስ ጋር ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።

ምርጫው ሁለት ነበር። አንደኛው መስቀል ፍላወር አካባቢ ያለ የግል ክሊኒክ ነው። አንሶላው ነጭ፣ ወለሉ የሚያበራ፣ አስታማሚም አብሮ እንዲያድር የሚፈቀድበት። አማቴ እትዬ ሸዋዬ ልባቸው እዚያ ነበር፤ የአክስታቸው ልጅ ስለምትሠራበት «ሰው አለን» ይላሉ። ሄጄ ጠየቅሁ።

«ኦፕራሲዮን የሚሠራው ሐኪም እዚሁ ነው የሚውለው?»

«በስልክ ይጠራል» አለችኝ እንግዳ ተቀባይዋ።

«ከየት?»

«ካለበት።»

ሁለተኛው ሜክሲኮን አልፎ ያለው የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ሕዝቡ አይጣል ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ቆመው የሚያምጡ ሴቶች አይቻለሁ። ግን ሐኪም አይጠፋም። ችግሩ መንገዱ ነበር። ያን ጊዜ ለባቡሩ ሲባል ሜክሲኮ ተቆፍሯል፣ ስታዲየም ተቆፍሯል፤ ትናንት ያለፍንበት ዛሬ በቆርቆሮ ታጥሮ ይጠብቀናል።

ባለቤቴ ዳባ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ዱከም የሚገነባ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ሲነጋጋ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። ሳማክረው «አንቺ ደስ ያለሽ» ይለኝና ብሎን መፍቻ ያነሳል። በዚያ ወር ብቻ የመኝታ ቤቱን ሶኬት ሦስት ጊዜ ፈትቶ ገጠመው። ዳባ ሲፈራ እንደዚያ ነው።

ጋሽ ቸሩ «መንገዱን ሳታውቂ ቦታ አይመረጥም» ብለው ማክሰኞ ጠዋትና ዓርብ ማታ፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ፣ በላዳቸው አዞሩኝ። ሰዓት አስሬ ደብተር ይዤ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። በስታዲየም አምሳ አምስት ደቂቃ። በፍል ውኃ ሠላሳ። በቡልጋሪያ ዞረን አርባ። ክሊኒኩ ጋ ለመድረስ አሥር። ማታ ደብተሩን ለእትዬ ሸዋዬ አነበብኩላቸው።

«ታዲያ አሥር አይሻልም?» አሉኝ።

«አሥሩ ጋ ሐኪም የለም እኮ።»

«ይደወልለታል አሉ አይደል እንዴ?»

«እሱስ በየት በኩል ሊመጣ ነው? ክንፍ የለው።»

«አንቺ ልጅ፣ ክፉ ክፉውን ማሰብ ትወጃለሽ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ግን ክፉውን ያሰብኩት ደጉን ስለምፈልግ ነበር። ያልኳቸው በልቤ ነው።

የግንቦት ረቡዕ ነው፤ ከቀኑ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ልብስ እያሰጣሁ የእንሽርት ውኃዬ ፈሰሰ። ከውሰር ሱቋን ክፍት ጥላ ወደ ቶታል ሮጠች። እትዬ ሸዋዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቦርሳውን አነሱ። «ማርያም ትቅረብሽ፣ ማርያም ትቅረብሽ» እያሉ ላዳው ውስጥ ከኋላ አጠገቤ ገቡ።

በፍል ውኃ ሄድን። ስንለካ ክፍት የነበረው መንገድ አሁን ታጥሯል። ቀይ ጨርቅ የያዘ ሠራተኛ ተመለሱ እያለ ያውለበልባል። ጋሽ ቸሩ ዳር ይዘው ቆሙ።

«አቶ ቸሩ፣ እባክዎ ይመለሱ» አሉ አማቴ። «ክሊኒኩ ቅርብ ነው። ልጅቷ መንገድ ላይ ልትቀር ነው።»

ጋሽ ቸሩ እጃቸውን ከመሪው ሳያነሱ በመስታወት አዩኝ። «ዘሪቱ፣ ወዴት?»

ምጡ ከጀርባዬ ተነስቶ እግሬ ድረስ ወረደ። ጠባሳው ያለበት ቦታ ደግሞ ለብቻው፣ ምጡ ሲሄድም የማይሄድ ሕመም ነበረው። ያ ነው ያስፈራኝ። «ምነው ጋሽ ቸሩ፣ ዛሬ እንኳ ቢወስኑልኝ» አልኳቸው።

«አልወስንም። ንገሪኝ፣ እነዳለሁ።»

እንደዚያ ቀን የጠላኋቸው ቀን የለም። ዓይኔን ጨፈንኩና ደብተሩን በሐሳቤ ገለጥኩት። «በቡልጋሪያ» አልኩ።

እትዬ ሸዋዬ አማተቡ። ላዳው ዞረ። ጋሽ ቸሩ አራቱንም ፍሬቻ አብርተው፣ ጡሩምባውን ሳይለቁ ነዱ። ቡልጋሪያ ጋ ጋራዦቹ ፊት አንድ የተበላሸ ሚኒባስ መንገዱን ይዞ ቆሟል። አንገታቸውን አውጥተው «ምጥ ነው» ሲሉ ዘይት የነካቸው መካኒኮች ተረባርበው ሚኒባሱን ገፉልን። አንዱ በመስኮት አጎንብሶ «በሽልም ውጪ እህቴ» አለኝ። ፊቱን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

ሪፈሩ ስለነበረኝ በር ላይ ማንም አላቆመኝም። ወጣት ሐኪም ሆዴ ላይ የልብ ምት ማዳመጫ መሣሪያ አስሮ ሲያዳምጥ ፊቱን አነብ ነበር። ከዚያ «የልጁ የልብ ምት እየወረደ ነው። ጠባሳውም አላማረኝም። አሁኑኑ ኦፕራሲዮን» አለና እጁን ሊታጠብ ሄደ። ሲስተሯ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣች።

«ባለቤቷ የታለ?»

«ዱከም ነው፣ ሥራ ላይ» አሉ እትዬ ሸዋዬ።

ለዳባ ደወሉለት። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም።» ደግመው ደወሉ። ያው ነው።

«እንግዲያው ቤተሰብ ይፈርም። እናቷ ነዎት?»

«አማቷ ነኝ።»

«ይፈርሙ እማማ።»

እትዬ ሸዋዬ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አስገቡ። «እኔ የሰው ልጅ ቅደዱ ብዬ? ኋላ አንድ ነገር ቢሆን ልጄን ምን ብዬ ላየው ነው? የሕፃኑ አባት ይምጣ። ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው።»

«ሁለት ሰዓት የለንም እማማ።»

«ልጄ ሳይሰማ አይሆንም።»

ክፉ ሰው አይደሉም። የመጀመሪያው ልጄ የሞተ ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ አጥሚት እያፈሉ እንደ ሕፃን ያጎረሱኝ እሳቸው ናቸው። ግን እጃቸው ከነጠላው አልወጣ አለ። እኔ ደግሞ ያንን የልብ ምት እሰማለሁ፤ መሣሪያው እንደበራ ነው። ቱክ፣ ቱክ ይልና ይዘገያል። በየመሐሉ እኔም መተንፈስ አቆማለሁ።

ጋሽ ቸሩ ቦርሳችንን ታቅፈው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«እትዬ ሸዋዬ» አሉ ቀስ ብለው። «የሺሃረግ ስትሞት ሐኪም ነበረ። አልጋም ነበረ። ክፍሉ ተዘጋጅቶ ነበር። ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ። አባቷ ሰላሌ ናቸው፣ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ሳላስፈቅዳቸው ልጃቸውን በቢላ ላስነካ? ነውር ነው ብዬ ሰው ላክሁባቸው። በማግስቱ ደረሱ። ለቀብር።»

ካገባሁ ጀምሮ እዚያ ሰፈር ስኖር ጋሽ ቸሩ ሚስት እንደነበራቸው አላውቅም ነበር።

ሲስተሯ ወደ እሳቸው ዞረች። «እርስዎ አባቷ ነዎት? ይፈርማሉ?»

«ሹፌር ነኝ። ወረቀቱን ለእሷ ስጫት። እጅ አላት።»

ሲስተሯ አየችኝ። «አዎ፣ ትችያለሽ እኮ። ሁሌ ቤተሰብ ስለምንጠይቅ ነው» አለች፤ እሷም ያን ጊዜ ያስታወሰችው መሰለኝ። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሴት፣ ሆስፒታል መርጬ፣ መንገድ ለክቼ፣ ስለ ገዛ ሆዴ መፈረም እንደምችል ለአንድ አፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም። ወረቀቱን ማንበብ ጀመርኩ። «ለሞት የሚያደርስ» የሚለው ላይ ስደርስ ተውኩት። ተኝቼ ፈረምኩ። አስተማሪዎቼ የሚያመሰግኑት የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው መሰለ።

ስነቃ «ሴት ናት» አሉኝ። «ኦክስጅን ላይ ናት፤ ጠንክራ እየታገለች ነው።» ሁለት ቀን አላየኋትም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ልቤ ይሰቀላል፤ የሚገባው ወይ ጽዳት ነው፣ ወይ የሌላ ሰው ልጅ ነው። ጡቴ ሞልቶ ያመኛል። ሲስተሯን «አለች?» እላታለሁ። «አለች» ትለኛለች። እንደገና እጠይቃታለሁ። ጋሽ ቸሩም ዘበኛውን በር ላይ «ያቺ የካዛንቺስ ልጅና ሕፃኗ?» ብለው በየቀኑ እየጠየቁ፣ ሳይገቡ ይመለሱ እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው።

ዳባ በዚያው ረቡዕ ማታ ነው አቧራ ለብሶ የደረሰው። ግንባሬን ሳመኝ። ትንሽ ቆይቶ «ማን ፈረመ?» አለ።

«እኔ።»

«እኔን ሳትጠብቂ?»

«ስልክህ አልሠራ አለ። ልጅህ ደግሞ አትጠብቅም።»

የአልጋዬ አንድ እግር ይወዛወዝ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ብሎኑን በጣቱ ማጥበቅ ጀመረ። ብዙ ቆየ። ሲነሳ ዓይኑ ቀልቷል። «ደግ አደረግሽ» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አመጧት። ትንሽ ናት፣ ፀጉሯ ግን ግንባሯ ድረስ ወርዷል። ደረቴ ላይ ሲያስቀምጧት አፏን ከፍታ ፈለገች፤ ፈለገችና አገኘች። የምትስብበት አቅም ያላት አልመሰለኝም ነበር። ነበራት።

እትዬ ሸዋዬ ከአልጋው ግርጌ ቆመው ያዩናል። ብዙ ጊዜ ቢሆን ሳይጠይቁ ነበር የሚያነሷት። ያን ቀን ግን እጃቸውን ዘርግተው «ልያዛት?» አሉኝ።

«ትንሽ ይቆዩኝ እትዬ። ገና አልጠገብኳትም» አልኳቸው።

«እሺ ልጄ» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።