በሲኒማ ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው የልብስ ሰፊው ፊት

ቡሩሽ የሚለውን ስም ማን እንዳወጣለት እንጃ፤ ዛሬ ዛሬ እናቱ እንኳ በሌላ ስም አትጠራውም። ሥራው የሰፈሩን ሲኒማ ቤት ማስታወቂያ መሣል ነው። መሀል ከተማ ያሉት ትልልቆቹ ማስታወቂያቸውን አሳትመው ይሰቅላሉ። ይህኛው ግን ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ከፊልሙ በላይ የሚጮህ፣ ከወንበሮቹ ግማሾቹ ሰው ሲቀመጥባቸው የሚያቃስቱ ቤት ነው። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ሴትዮ ደግሞ ስለ ማተሚያ ቤት ሲነሳባቸው፣ “ቡሩሽ እያለልኝ?” ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ፊልም በተቀየረ ቁጥር አሮጌውን ሥዕል በነጭ ቀለም ያጠፋና በዚያው ሰሌዳ ላይ አዲሱን ይሥላል።

ታዲያ አንድ አመል አለበት፤ በአካል ያላየውን ሰው መሣል አይሆንለትም። ከፊልሙ ጋር የምትመጣው ፎቶ ትንሽና ደብዛዛ ናት፤ ቢያፈጥባትም እጁ የሚሄደው ወደሚያውቀው ሰው ፊት ነው። ስለዚህ ጀግናው ሁሌም ዳቦ ጋጋሪውን ይመስላል፤ ንግሥቲቱ ደግሞ አትክልት ሻጯን ቁርጥ። ሰዉም ስለ ፊልሙ ሳይጠይቅ በፊት “ዛሬ ማን ወጣ?” እያለ በሩ ላይ ይሰበሰባል። አንዴ ፖሊስ ሆኖ የወጣው ጫማ ጠጋኝማ ያን ሳምንት አላፊ አግዳሚውን ሲያዝ ከረመ። ይህ ደስታ የትኛው ትልቅ ሲኒማ ቤት ይገኛል?

ቡሩሽ ትኬት የምትቆርጠውን ልጅ ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። ችግሩ አባቷ ናቸው። ከሲኒማ ቤቱ ማዶ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ ያያቸው የለም። ልጃቸው እዚያ ስትሠራ “እንጀራዋ ነው” ብለው ዝም አሉ እንጂ እሳቸው ሲኒማ ቤት ረግጠው አያውቁም። ቡሩሽን በሚመለከት ደግሞ ነገሩን አጭር አድርገውታል፦ “ቀለም የሚያቦካ ሰው ቤት አያቆምም።”

ልጅቷም ቁርጡን ነገረችው።

“ከአባዬ ጋር ተኳርፌ ትዳር አልይዝም። እሑድ ራስህ መጥተህ ጠይቀው። እሺ ካላለ በቃ፣ የለንም።”

የዚያ ሳምንት ፊልም የወንበዴዎች ነበር። ቡሩሽ ቀለሙን በጠበጠ፤ ሐሳቡ ግን እሑድ ላይ ነው። ምን ይሉኝ ይሆን? ምን ብዬ ልጀምር? ቆሜ ነው ወይስ ተቀምጬ? እንዲህ እያለ ሣለ፣ ጨረሰ፣ ዓርብ ጠዋት ሰቀለው። ልጅቷ ወጥታ ቀና ብላ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

“ምን ነካህ አንተ? አባዬ እኮ ነው።”

ቀና አለ። ሽጉጥ የጨበጠው የወንበዴዎቹ አለቃ ልብስ ሰፊው ራሳቸው ናቸው። ግራ ቅንድባቸው ከቀኙ ከፍ ብሏል፤ ከንፈራቸውም መርፌ እንደያዘ ጥብቅ ብሏል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው። ቡሩሽ መሰላል ፍለጋ በረረ። ግን ወሬ ከመሰላል ይፈጥናል፤ ሲመለስ ሰፈሩ ሁሉ ግር ብሎ ወጥቷል፤ ልብስ ሰፊውም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሥዕሉ ሥር ቆመዋል። የሚስቅ ቀርቶ የሚያስል አልነበረም።

ልብስ ሰፊው ልጃቸው ወዳለችበት ወደ ትኬት መስኮቱ ሄዱ።

“አንድ ትኬት ቁረጪልኝ።”

“አባዬ፣ አንተ?”

“ምን ጥፋት እንደሠራሁ ገብቼ ልየው እንጂ።”

ቡሩሽ ከአዳራሹ በር መጋረጃ ጀርባ ተሸሽጎ ተመለከታቸው። የሰፈሩ ሰው ወንበዴ ሲያይ መጮህ ልማዱ ነው፤ ያን ዕለት ግን ልብስ ሰፊውን ፈርቶ አፉን ለጎመ። አለቃው ባንክ ዘረፈ፤ ዝም። ጀግናውን በጥፊ አጮለው፤ ዝም። በኋላ በጓሮ በር ሹልክ ሊል ሲል ከመሀል ወንበር አንድ ድምፅ ተነሣ።

“በጀርባ በኩል እያመለጠ ነው እኮ፣ ያዙት እንጂ!”

ልብስ ሰፊው ነበሩ፤ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆመዋል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላማ ማን ዝም ይበል። አለቃው ወንዝ ውስጥ ሲወድቅ ከሁሉም አስበልጠው ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው።

ፊልሙ ሲያልቅ ቡሩሽ እግሬ አውጪኝ ሊል ሲል ልብስ ሰፊው ቀደሙት። በሩ ላይ ተገናኙ።

“አንተ ነህ የሣልከኝ?”

“ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ሆን ብዬ አይደለም፤ ፈርቼዎት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከፊቴ አልጠፉም።”

ልብስ ሰፊው ሥዕሉን እንደገና ቀና ብለው አዩትና ድምፃቸው ዝቅ አለ።

“የእኔ ሥራ ሰውን መስታወት ፊት ማቆም ነው። የቆመው ሁሉ ራሱን ያያል፤ እኔ ከጀርባው ነኝ። ይቺን ቅንድብ ከልጄ እናት ወዲህ ልብ ብሎ ያያት ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።” ወደ ቡሩሽ ዞር አሉ። “እሑድ ልትመጣ ነው አሉ።”

“አዎ፣ ጋሼ።”

“አትምጣ።”

ልብስ ሰፊው ከኪሳቸው ሜትር መዘዙ።

“እጅህን ዘርጋ።”

“ለምን?”

“ያለበስከኝን ኮት አየሁት፤ ትከሻ ምን እንደሆነ አታውቅም። ለሠርግህ እንኳ ልክህን ልበስ እንጂ።”

ቡሩሽ በሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊት እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ ደስታው አላስቆም ብሎት ወዲያ ወዲህ ሲል “አትወዛወዝ” ብለው ተቆጡት። እየለኩ ቁጥሩን ወደ ትኬት መስኮቱ ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ልጃቸውም በትኬት ጀርባ ትጽፋለች። የትከሻውን ቁጥር ሦስቴ አስደገመቻቸው፤ እንባዋ አላሳይ ብሏት ነበር።